ገና ሳይሰካላት ጮኸች

ነጋሪት ፊቷን ታጥባ ዓይኗን ጨፍና ፎጣ ስትዳብስ ነው የወንድሟ ሚስት ከበሩ ወዲያ «ክኒኑን ሻይዋ ውስጥ ብናሟሟውስ? አታውቀውም እኮ» ስትል የሰማችው። ውሃው ካገጯ እየተንጠባጠበ ቆማ የወንድሟን መልስ ጠበቀች። ኧረ ነውር ነው፣ እህቴ እኮ ናት፣ እንስሳ ናት እንዴ በመኖ ደብቀን የምንሰጣት ይላል ብላ ነበር። ወንድሟ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ይመራል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ባንድ አልጋ እግርና ራስ ሆነው ተኝተው ያደጉ፣ እሷ የሰው ልብስ እየሰፋች ደብተርና ጫማ የገዛችለት ልጅ፣ ያሳሰበው ነገር ቢኖር የክኒኑ መምረር አለመምረር ነው።

እውነት ለመናገር ስሙን ያወጡላት ያለ ምክንያት አይደለም። ነጋሪት ጯሂ ናት። አይጥ ባየች ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ትወጣለች፤ መርፌ ጣቷን ሲወጋት የሰማ ሰው ክንዷ የተቆረጠ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ካውያው ስር የረሳችው እጅጌ ቢጤስ «ተቃጠልን» ብላ ሰፈሩን በሙሉ ባልዲ አሸክማ አስሮጣው፣ ሰዉ እያለከለከ ሲደርስ እጅጌውን በእርጥብ ጨርቅ አጥፍታ ለመጣው ሁሉ ወንበር ታወጣ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። ድምፁ ሳይሰማ ያደገ፣ ሰው እግሩን ቢረግጠው እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ቢሮ ውስጥ ለአለቃውም ለተላላኪውም እኩል አንገቱን የሚሰብር ሰውዬ ነው። ቤተሰቡ እሱን ጨዋው፣ እሷን ነጋሪት እያለ ሲቀልድ ኖሯል፤ እስካለፈው ወር ድረስ ማንም አልተጎዳበትም።

በሽታዋን በስሙ መጥራት አትወድም፣ «ያ ነገር» ነው የምትለው። ለያ ነገር መጀመሪያ የተሰጣት መድኃኒት ልቧን ማድከም ሲጀምር ሐኪሙ ወደ ሌላ፣ በጉሉኮስ ወደሚሰጥ ቀይ መድኃኒት አዛወራት። ልብን ብዙም አይጎዳም፣ ያን ነገር ይዞ ያቆመዋል፣ ከዚህ ሌላ ላንቺ የሚሆን የለንም አላት። ባለፈው ወር ሰኩላትና ጠብታው እየተከታተለ ሲወርድ ገና ከጠርሙሱ ጉድለት ሳይታይ ፊቷ እሳት የነካው ያህል ጋለ፣ ወገቧ ከሁለት የሚሰበር መሰላት፣ ሰው ደረቷ ላይ የተቀመጠ ይመስል አየር እምቢ አላት። ጮኸች፤ ምን ታድርግ? ነርሷ ሮጣ መጥታ ቱቦው ላይ ያለችውን ጠብታ መቆጣጠሪያ ትንሽ መዘውር ስትዘጋው ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ለቀቃት። ሐኪሙ ሲደርስ በላብ ተጠምቃ መተንፈስ ጀምራ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጨዋው አፉን የከፈተው። በሕይወቱ ማንንም አስቆጥቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ሐኪሙ እንዳይቆጣ ብሎ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ እህቴ ድሮም እንዲህ ናት፤ ቤት ውስጥ ነጋሪት ነው የምንላት» አለና ሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ። ነርሷም አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ ከዚያች ሳቅ በኋላ ነጋሪት ስለ ወገቧና ስለ ትንፋሿ የተናገረችውን አንድም ቃል የሰማ የለም። «ፍርሃት ነው» አለ ሐኪሙ፣ እሷን ሳይሆን ወንድሟን እያየ። «ሲመጡ የሚያረጋጋ ክኒን ትውሰድ፣ መድኃኒቱን በተለመደው ፍጥነት እንሰጣታለን። እንደገና ካስቸገረች ግን እናቋርጣለን፣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው።»

ዛሬ ያ ቀን ነው። መድኃኒቱን ቢያቋርጡባት ያ ነገር ይጨርሳታል፤ እንደዚያኛው ቀን ቢያጣድፉባት ደግሞ ወንበሩ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ልትቀር ነው። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀስ ብሎ ይጀመርልኝ። ሲዘጋ የለቀቀኝ ነገር ሲዘገይ ይታገሠኛል ብላ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም፣ የገዛ ወገቧ ነግሯታል። ሰሞኑን ለወንድሟም ለሚስቱም ስትደጋግመው «እሺ እትዬ» ይሏታል። እሺታቸው ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ሰማችው።

የወንድሟ ቤት ለሆስፒታሉ ስለሚቀርብ ነው እዚያ ያደረችው። ንጹሕ ቤት ነው። ሶፋው እንዳይቆሽሽ ጨርቅ ለብሷል፣ ጨርቁ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ ለብሷል፤ የተቀመጠበት ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚንኮሻኮሽ እዚያ ቤት እንግዳ ሁሉ ሐውልት ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻይ ቀርቦ ነበር። የሁሉም በትንንሽ ብርጭቆ፣ የእሷ ብቻ በትልቅ ኩባያ። ስኳር እንደማትወድ እያወቁ ከሥሩ ሳይሟሟ የተረፈው ስኳር ይታይ ነበር። ሁለቱም ኩባያውን እንዳያዩ እየተጠነቀቁ ኩባያውን ያዩ ነበር።

«ጠጪ እንጂ እትዬ፣ ይበርድብሻል» አለች የወንድሟ ሚስት፣ ድምፅዋ ከስኳሩ የባሰ ጣፍጦ።

ነጋሪት ኩባያውን በሁለት እጇ አንስታ ወንድሟ ፊት አስቀመጠችለት። «አንተ ጠጣው። ከእኔ ይልቅ የፈራኸው አንተ ነህ» አለችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀልላቸው ነበር፤ ለጩኸቷ የለመዱት መልስ አላቸው። ወንድሟ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ኩባያውን ተመለከተ፣ ሚስቱ ዳቦውን ያለ ሥራው መቆራረስ ጀመረች፣ ሶፋው ተንኮሻኮሸ። ማንም «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ የጠየቃት የለም። ነጠላ ጫማዋን ለውጣ፣ ሹራቧን ደርባ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ወንድሟ የመኪናውን ቁልፍ የሚፈልግ መስሎ ትንሽ ቆየና ተከተላት።

መንገዱ ላይ መብራት ሲይዛቸው ስለ ጎማ ዋጋ አንስቶ ነበር፤ አምና በዚህ ጊዜ ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደገባ፣ አሮጌውን አስጠግኖ መንዳት እንደሚሻል። እሷ በመስኮቱ የሚከፈቱ ሱቆችን፣ የተጠቀለለ ጣቃ ተሸክመው የሚያወርዱ ሰዎችን እያየች ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን «ያ ሱፍ አይደለም፣ እንዳያታልሉህ» ትለው ነበር። አሁን ስለ ሱፍ የምታወራበት ልብ አልነበራትም። ሊያቆም ሲጠጋ ብቻ «እትዬ፣ ለራስሽ ብዬ እኮ ነው» አላት። ለራስሽ ብዬ። የሰው ልጅ በሌላው ላይ የፈለገውን ለማድረግ ይችን ቃል የመሰለ ፈቃድ ወረቀት አላገኘም።

የጉሉኮሱ ክፍል ድሮ የልብስ ማጠቢያ ነበር ይባላል፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ነጭ ሸክላ ነው፣ ወለሉ መሐል ውሃ መውረጃ አለ። ወንበሮቹ ጥቂት ናቸው፣ ሰዉ ብዙ። መድኃኒቱን መጥነው የሚያወርዱት ማሽኖች ተበላሽተው ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍነው ቆመዋል፤ ነርሷ ጠብታውን በዓይኗ ግምት ነው የምትከፍተው። ከምሳ በኋላ ክፍሉን ሌሎች ስለሚወስዱት የጠዋቱ ሰው በሙሉ እስከ ምሳ ማለቅ አለበት። ስለዚህ መዘውሩ ይከፈታል፣ ሰፋ ተደርጎ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ነርሷ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠችም፣ እግሯ ከጫማዋ ላይ ተርፎ አብጧል፤ ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ደግሞ በየደቂቃው ብቅ እያሉ «ሲስተር፣ አልደረሰንም?» ይሏታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰው በሰው እጅ የሚሞተው፤ ማንም ክፉ ሳይሆን።

«ሲስተር፣ ዛሬ ቀስ አድርገሽ ጀምሪልኝ፣ እለምንሻለሁ» አለቻት ነጋሪት፣ እንደገባች።

«እናት፣ ሰዉ አይታይሽም እንዴ? ላንቺ ብቻ ቀስ ካልኩ እነዚህ መቼ ሊደርሳቸው ነው?» አለች ነርሷ፣ ክንዷን እያሰረችላት። ለመርፌ ደም ስር ፈልጋ፣ አግኝታ፣ በፕላስተር ለጥፋ ሳትጨርስ ሐኪሙ ገባ። ወጣት ነው፣ የተተኮሰ ጋዋን ለብሷል፤ አተኳኮሱ ጥሩ እንደሆነ ነጋሪት እንኳ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ልብ ብላለች። በር ላይ የቆመውን ወንድሟን «ክኒኗን ወሰደች?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ ዶክተር» አለ ጨዋው።

ነጋሪት ዞራ አየችው። በሕይወቱ ይዋሻል ብላ አስባው የማታውቀው ሰው፣ ስለ እሷ፣ በእሷ ፊት፣ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ። «አልወሰድኩም» አለች። «መፍራት አልፈራሁም፤ ትንፋሽ ነው ያጣሁት። ቀስ ብሎ ይሰጠኝ ነው ያልኩት።»

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ካልተባበርሽ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ክኒኑን ዋጪ፣ ቁጭ ብለሽ ተረጋጊ፣ መጨረሻ ላይ ይሰካልሻል። አይሆንም ካልሽ ደግሞ መድኃኒቱን ለሚፈልገው እሰጠዋለሁ» አለና ለነርሷ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ነርሷ አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን መዳፏ ላይ አኖረችላትና ወደ ሌላው ሄደች። ነጋሪት ክኒኗን ጨብጣ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ መሸነፏ ነበር፤ ልትውጠው፣ የመጣውን ልትቀበል። ማን አላት? በር ላይ የቆመው ሰው ያው ነው።

ጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጡረታ የወጣ ዳኛ አመጡ። ዳኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ነርሷ ወንበሩን በአልኮል ጠርጋለታለችና፤ የማንንም ወንበር ስትጠርግ አልታየችም። ረጅም፣ ከረባት ያሰረ፣ ጉሉኮስ ሊሰካለት ሳይሆን ችሎት ሊያስችል የመጣ የሚመስል ሰው ነበር። ከነጋሪት ዕድሜው ብዙም አይበልጥ፣ እሱን ግን ሁሉም «እርስዎ» ይለዋል። ሚስቱ ቀጭን፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ናት፤ ነጋሪት ወደ በሩ ዞራ ወንድሟን «ውሸታም» ስትለው ሰምታ «እባክሽ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ታማሚ አለ» ብላታለች። ነጋሪት እኔ ታዲያ ለሽርሽር ነው የመጣሁት ልትላት አስባ ዋጠችው። ለዳኛው ያው ቀዩ መድኃኒት ተሰቀለለት፣ የመጀመሪያው ነው። ነርሷ መዘውሩን እንደሁልጊዜው ሰፋ አድርጋ ከፍታ «ጎሽ፣ እንደርስዎ ያለ ታማሚ ይስጠኝ» አለችውና ወደ መስኮቱ በኩል ሄደች። ሚስቱ ውሃ ልትገዛ ወጣች። ዳኛው ጋዜጣውን ገለጠ።

መጀመሪያ ያየችው ጆሮውን ነው። ከጎኗ ስለሆነ ጆሮው ፊት ለፊቷ ነበር፤ ገርጥቶ የነበረው ጆሮ እንደ በርበሬ ቀላ። ቀጥሎ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ቀላ። ጋዜጣው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳኛው ጀርባውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ወደፊት ተለጠጠ፣ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣውም፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። ነጋሪት ያን አፍ ታውቀዋለች። የራሷ አፍ ነው። ልዩነቱ እሷ ገና ትንፋሽ ሳያልቅባት ጮኸች፣ እሱ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ በሰው ፊት መጮህ አልተማረም፣ ጨዋነቱ ሊገድለው ነው።

«ሲስተር!» ብላ ጮኸች። «ሰውዬው! ትንፋሽ አጠረው!»

ነርሷ ከወዲያ ማዶ ጀርባዋን እንደሰጠች «ጀመረቻ» አለች። «ገና እኮ ምንም አልተሰካላትም።» ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የደከማቸው ሰዎች ሳቅ ነው፤ ግን ሳቅ ነው። በር ላይ የቆመው ወንድሟ «እትዬ፣ በናትሽ አታሳፍሪኝ» አለ። ነጋሪት ደግማ ጮኸች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸች፤ በጮኸች ቁጥር የሚያምናት እየቀነሰ ሄደ። ዳኛው ጋዜጣውን ለቀቀው። ያን ጊዜ ዘላ ተነሥታ፣ ባለፈው ነርሷ ስትዘጋላት ያየቻትን መዘውር በገዛ እጇ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ወንድሟ ከበር ሮጦ መጥቶ ክንዷን ያዛት። «አትንኪ! ምን ነካሽ፣ ሰውዬውን ልትገድይው ነው?» እያለ ከቱቦው ላይ ሊያላቅቃት ጎተታት። የሕይወት ዘመኑን ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣ ይመስል ጨዋው ጮኸ። እሱ ሲጮህ ነርሷ ዞረች። እሱ ሲጮህ፣ እሷ ስትጮህ ያልሰሙትን ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሆነ። ነርሷ ሮጠች፣ ሌላ ነርስ ኦክስጅን እየገፋች መጣች፣ መርፌ ተወጋ፣ ሐኪሙ ጋዋኑ ወደኋላ እየተውለበለበ ገባ። የዳኛው ሚስት የውሃ ጠርሙስ ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከንፈሩ ወደ ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ የነበረው የኦክስጅኑ ፉጨት ብቻ ነው። ሲረጋጋ ሐኪሙ በርከክ ብሎ የዳኛውን እጅ ያዘ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ እንዳለው ነጋሪት አታውቅም ነበር።

«አይዞዎት፣ የታወቀ ነገር ነው» አለው። «መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም የሚገባው። በዓይን በማይታይ በጣም ደቃቅ ቅንጣት ውስጥ ተቋጥሮ ነው፣ ቅንጣቷም ከላይ ልባስ አላት። ልብን ሳይጎዳ በሽታው ዘንድ የሚያደርሰው ይኸው ልባስ ነው። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ግን መድኃኒቱን ሲያየው እንደ ጠላት ይነሣበታል፣ በተለይ የመጀመሪያ ጊዜ፣ በተለይ ቶሎ ሲገባ። ፊት ይቀላል፣ ወገብ ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ካረፉ በኋላ በጣም ቀስ አድርገን እንደገና እንጀምረዋለን፤ አብዛኛው ሰው ያኔ ይቀበለዋል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ፊት ይቀላል፣ ወገብ ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ነጋሪት ቆማ ሰማችው። የራሷን ቃል ነው፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ከሐኪሙ አፍ የሰማችው። አላወቀም ነበር ብትል ይቀልላት ነበር። ያውቅ ነበር። ባለፈው ወርም ያውቅ ነበር፤ ሲያውቀው የነበረውን ለእሷ ማውጣት ነው ያላሰበው። እሷ ኮት ስትሰፋ ኖራለች፤ ደንበኛ መጥቶ «ገበሩ ይኮሰኩሰኛል» ሲላት ፈርተህ ነው ብላው አታውቅም፣ ገልብጣ ታየዋለች። መዳፏን ስትከፍት ክኒኗ በላብ ተሟሙታ ተጣብቃባታለች።

«ዶክተር» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ክፍሉ ግን ዝም ስላለ ሁሉም ሰማት። «እሳቸውም ፈርተው ነው?»

ሐኪሙ ቀና ሳይል «የእሳቸው ሌላ ነው» አለ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

ሐኪሙ የጋዋኑን ኪስ ዳበሰ፣ የሚፈልገው ነገር ግን እዚያ አልነበረም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ወጣት መምህርት፣ ሁልጊዜ የልጆች ደብተር ይዛ እየመጣች ስታርም የምትውል፣ እርሳሷን አስቀመጠች። «እኔንም አሞኝ ነበር» አለች። «ባለፈው ወር፣ እሷ የጮኸች ዕለት። ወገቤን ሊቆርጠኝ ነበር፣ ዓይኔ ጨልሞብኝ ነበር።» ነርሷ «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ስትላት መምህርቷ ወደ ነጋሪት ተመለከተችና አንገቷን ሰበረች። «እንደሷ እንዳትስቁብኝ ብዬ ነዋ።»

ነርሷ አጠገቧ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። የዳኛው ሚስት የያዘችውን የውሃ ጠርሙስ ከፍታ፣ ለባሏ ሳይሆን ለነጋሪት ዘረጋችላት። «ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ ብዬሽ ነበር» አለች። «ሰምተሽኝ ቢሆን ኖሮ…» ነጋሪት ውሃውን ተቀብላ ጠጣች፤ ጉሮሮዋ በጩኸት ተልጦ ነበር።

ሐኪሙ ይቅርታ አልጠየቀም። ይቅርታ ከሐኪም አፍ ሲወጣ ያየ ካለ ይመስክር። ተነሥቶ ለነርሷ «ለእሷም በጣም ቀስ አድርገሽ ጀምሪ። ቀዩን የሚወስዱት በሙሉ ከዛሬ ጀምሮ ቀስ ብለው ይጀምሩ፣ ሰዓት ካለፈ ከእኔ ጋር ይነጋገሩ» አለና በሩን ዘግቶ ወጣ። ያን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ቃል። ለዚያች ቃል ዳኛ መታነቅ ነበረበት።

ወንድሟ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ክንዷን የያዘበት ቦታ ላይ የጣቶቹ ምልክት ገና ቀልቶ ይታይ ነበር፤ እሱም አየው፣ እሷም እንዳየው አየች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ምን አውቄ» አለ። «ሰዎቹ እንዳይቀየሙብን ብዬ ነው እንጂ።» እሷ መዳፏ ላይ የተጣበቀውን ነጭ ነገር በጥፍሯ እየፋቀች «ስለ ሰዎቹ ስታስብ እኔን ረሳኸኝ» አለችው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አሁን ካመመሽ ለእኔ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ ብትነግሪኝ እኔ ሲስተርን እጠራታለሁ» አለ።

ቀስ ብለሽ። አሁንም ቀስ ብለሽ። ነጋሪት ልትስቅም ልታለቅስም አማራት፣ ሁለቱንም ተወችው። ነርሷ ቀዩን ጠርሙስ ሰቅላ፣ ቱቦውን ክንዷ ላይ ካለው መርፌ ጋር አገናኝታ፣ መዘውሩን ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ነጋሪት ያዘቻት።

«ቆይ ሳትከፍቺው። እስቲ ሂጂና ጠረጴዛሽ ጋ ተቀመጪ፣ እዚያ ጥግ» አለቻት። ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተም ተነሥ። ከእሷም አልፈህ በሩ ጋ ቁም፣ ጠዋት የነበርክበት።»

«እዚህ ብሆን አይሻልም? አጠገብሽ?»

«ሂድ ስልህ ሂድ።»

ሄዱ። ነርሷ ግራ እየገባት ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች፣ ጨዋው በሩን ተደግፎ ቆመ። መምህርቷ ከደብተሮቿ ቀና አለች። ዳኛው ጭንብሉ አፍንጫው ላይ እንዳለ ዓይኑን ገለጠ። ነጋሪት ጀርባዋን አመቻችታ፣ ሹራቧን ሰብስባ፣ የቻለችውን አየር በሙሉ ወደ ውስጥ ስባ፣ በዚያች የልብስ ማጠቢያ ሸክላ ላይ እስኪያስተጋባ ድረስ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

ማንም አልሳቀም። ነርሷ ጠረጴዛውን ገፍታ ደረሰች፣ እጇ ቀድሞ መዘውሩ ላይ ነበር። ጨዋው በመንገዱ የነበረውን ወንበር ገልብጦ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ከኋላው ቀርቶ መጣ። የዳኛው ሚስት ተነሥታ ቆማለች። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት እንኳ በሩን ከፍተው ገብተዋል።

«ምን ሆንሽ?» አለች ነርሷ እያለከለከች። «ገና እኮ አልከፈትኩትም።»

«ምንም አልሆንኩም» አለች ነጋሪት። «ስጮህ መምጣታችሁን ልይ ብዬ ነው። በይ አሁን ክፈቺው፣ ቀስ አድርገሽ።»